አረንጓዴው ካባ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ነግሬያቸዋለሁ። ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ ሌላው ቀርቶ ወረቀት ስመዝን ጣቴን ሚዛኑ ላይ ማሳረፌን እንኳ ተናዝዣለሁ። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ለባሌም ለልጆቼም አልነገርኩም። «አባ ኮሚክ ምን እንደሆነ አያውቁ፤ ከየት ጀምሬ አስረዳቸዋለሁ?» እያልኩ ራሴን ስሸነግል ዓመታት አለፉ። ማስረዳቱ መቼ ከበደኝና! የከበደኝ የሠራሁት ሥራ ነው። እናንተ አታውቁኝምና ለእናንተ ልናገረው። ስጨርስ ግን እንዳታዝኑልኝ።

ትርንጎ እባላለሁ። ከሚሌኒየሙ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ መርካቶ ጎጃም በረንዳ አጠገብ፣ ከእናቴ በወረስኩት መጋዘን አሮጌ ወረቀት እሸጥ ነበር። ጋዜጣ፣ ያለፈበት ደብተር፣ የፈረንጅ መጽሔት፣ የተገኘውን ሁሉ በኪሎ እገዛለሁ፤ ከዚያ በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ላሉ ቅመም ነጋዴዎች መጠቅለያ እንዲሆናቸው በኪሎ እሸጣለሁ። ከወረቀቱ መሃል አልፎ አልፎ ኮሚክ ይወጣል፤ ታሪኩ በሥዕል የሚተረክ የውጭ አገር መጽሔት ማለት ነው። መጀመሪያ ሥዕሉ አሳዝኖኝ አስቀረሁት። ቀጥሎ ሽፋኑ ላይ ቁጥር እንዳለ አየሁ። ከዚያ የጎደለኝን ቁጥር መፈለግ ጀመርኩ፤ በቃ፣ ተያዝኩ።

ክረምት ክረምት ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣ ጋሪም ተሸካሚም ከመንገዱ ሲጠፋ፣ የወረቀት ክምር ላይ ወጥቼ ሥዕሎቹን አያለሁ። ቋንቋውን አላነበውም። ሰማይ የሚነኩ ፎቆች፣ በፎቆቹ መሃል የሚበር ሰው፣ ሐምራዊ ማታ። በጣሪያው ሽንቁር የምትገባው ብርሃን ገጹ ላይ ስትንቀሳቀስ ሰውየው የሚንቀሳቀስ ይመስለኛል። አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስደኝና ያንኑ ከተማ አያለሁ፤ ስነቃ የቱ ገጽ ላይ እንደቆምኩ ይጠፋኛል። አሁን ሳስበው ያ ዘመን ራሱ እንደዚያ ነው፤ ያየሁትና ያለምኩት ተቀላቅሎብኛል። የሠራሁት ብቻ አልተቀላቀለብኝም።

ኮሚክ የሚወድ ትልቅ ሰው መርካቶ ውስጥ ተደብቆ አይቀርም። ሁለት ጓደኞች አፈራሁ። አንዱ ጋሽ ኸይሩ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ የሚስቅ። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ክር ይሸጣሉ። ልብስ ሰፊው ሁሉ ቁራጭ ጨርቅ ይዞ እሳቸው ጋ ይመጣል። ሌላው ነጋዴ ክሩን ደጅ አውጥቶ በፀሐይ ያስተያያል፤ ጋሽ ኸይሩ ጨርቁን አንዴ ያዩትና እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ሰደው የሚገጥመውን ያወጣሉ። ተሳስተው አያውቁም። እንጀራቸው ዓይናቸው ነበር። ይህን ያዙልኝ።

ሁለተኛው ተስፋዬ ነው። አብነት ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ምላሱ እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም። ዓርብ ዓርብ፣ የጁምዓ ሶላት አብቅቶ ምንጣፉ ሁሉ ከመንገድ ሲነሳ፣ ሦስታችን ጋሽ ኸይሩ ሱቅ በክር ካርቶን ላይ ተቀምጠን እንከራከራለን። ክርክራችን ሁልጊዜ ስለ ዋጋ ነው፤ በተለይ «መንታ» ስለምንላቸው። መንታ ማለት ቁጥሩም ታሪኩም አንድ ሆኖ ሽፋኑ ብቻ የሚለያይ ኮሚክ ነው።

«ያው ታሪክ፣ ሽፋኑ ስለተለየ ነው ዋጋው የሚጨምረው?» ይላል ተስፋዬ። «እኔ ካርቶኑ ተቀይሯል ብዬ ለፍሬን ሸራ እጥፍ ብጠይቅ ደንበኛ በካልቾ ነው የሚለኝ!»

«ፍሬን ሸራ መኪና ያቆማል፤ ይሄ ግን ለዓይን ነው» ይላሉ ጋሽ ኸይሩ። «ለዓይን በተሠራ ነገር ላይ ቀለም ዋጋ አለው።»

እኔ ደግሞ ዋጋ የሚያወጣው ማለቁ ነው ባይ ነበርኩ። ወረቀት ሻጭ ነኝ፤ ወረቀት እንዴት እንደሚያልቅ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ገዢ የሌለበት ገበያ ነበር የኛ ገበያ። ቢሆንም በክርክሩ መሃል ሻያችን ይቀዘቅዝ ነበር።

ከሁሉም የምንወደው አንድ ጀግና ነበር፤ ስሙን ማንበብ ስላቃተን «ባለካባው» አልነው። አንድ ቁጥሩ ላይ ከተማው ጫፍ ላይ ቆሞ ቀይ ካባው ሰማዩን ይሸፍነዋል። ይሄ ቁጥር እኔም አለኝ። አንድ ቀን ተስፋዬ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ወሬ ይዞልን መጣ፤ ማተሚያ ቤቱ ቀለም ተሳስቶበት ጥቂት አረንጓዴ ካባ ያላቸው ወጥተዋል የሚሉ ፈረንጆች አሉ፤ ተረት ነው የሚሉም አሉ። ተስፋዬ «ተረት ነው» አለ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚገባልኝን ወረቀት ሁሉ ሳገላብጥ ልቤ አረንጓዴ ይፈልግ ነበር።

ከዚያ በሐምሌ ዝናብ ጋሽ ኸይሩ ኮታቸው ውስጥ አንድ ነገር ደብቀው መጋዘኔ ገቡ። ለሳል ብለው ጥቁር አዝሙድ ገዝተው ነበር፤ ቅመም ሻጩ በሙሉ መጽሔት ጠቅልሎ ሰጣቸው። ጥቅሉን ፈተው ዘረጉልኝ። ባለካባው። አረንጓዴ ካባ፣ ዝናብ የጠገበ የጤፍ ማሳ አረንጓዴ። ጎን ለጎን ቆመን አየነው። የጥቁር አዝሙዱ ሽታ ከሥዕሉ የሚወጣ ይመስል ነበር።

«ካንቺው ወረቀት እኮ ነው የመጣው፤ ቅመም ሻጩ ነገረኝ» አሉኝ ትከሻቸው እየሳቀ።

ክፋት አልነበረበትም። እኔን ግን አንገበገበኝ። በእጄ አልፏል ማለት ነው! ስፈልገው የኖርኩትን እኔው መዝኜ፣ እኔው አስሬ፣ በኪሎ ሸጬዋለሁ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ደስ አላለኝም፤ ቀናሁ። ቀናሁ ነው የምለው፣ ሌላ ስም የለውም።

በዚያው ሰሞን እናታቸው ስለታመሙ ጋሽ ኸይሩ ወደ ወሎ ሊሄዱ ሆነ። «የኔ ሱቅ ያፈሳል፤ ያንቺ ወረቀት ዝናብ አያውቅም» ብለው መጽሔቱን ሰጡኝ። «አደራ ትርንጌ። ስመለስ ለተስፋዬ እኔው ላሳየው፤ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«አደራው የሰማይም የምድርም ነው ጋሼ» አልኩ። በዚህች አፌ።

መጀመሪያ ዝም ብዬ ላየው ነበር ያወጣሁት። ቀጥዬ የራሴን ቀዩን አጠገቡ አስቀመጥኩ፤ ላስተያይ ብዬ። ቀጥዬ ቀዩን አረንጓዴው በታጠፈበት በኩል አጠፍኩት። ከዚያ ጥቁር አዝሙድ ገዝቼ ቀዩ ውስጥ ጠቀለልኩና አሳደርኩት። ይሄን ሁሉ ሳደርግ «ገና ምንም አላደረግኩም፤ ሲመጡ ቀልድ ነው ብዬ እመልሳለሁ» እል ነበር። ሰው ለቀልድ ብሎ ቅመም ይገዛል? እጄ የሚሠራውን ልቤ አላወቀም ብል ማን ያምነኛል? አውቅ ነበር። የሰው ወርቅ እንደማያደምቅም አውቅ ነበር፤ እኔ ግን የራሴ ወርቅ ነው፣ ከወረቀቴ ነው የወጣው አልኩ።

ጋሽ ኸይሩ ተመለሱ። እናታቸው ተሽሏቸው ስለነበር ፊታቸው ፈክቷል። በፌስታል የሰጠኋቸውን አልከፈቱትም። «ዓርብ ከተስፋዬ ጋር አብረን እንየው» አሉ። ያኔም መናገር እችል ነበር። ዓርብ እስኪደርስም እችል ነበር።

ዓርብ ደረሰ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ክሮቹ ላይ አርፋለች፤ ሱቁ ሁሉ ቀለም ነበር። ጋሽ ኸይሩ እንደ ሙሽራ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ተስፋዬን «ተረት ነው ያልከውን አረንጓዴ ተመልከት» ብለው ፌስታሉን ፈቱ። መጽሔቱን አወጡ። ቀይ።

ተስፋዬ ሳቀ። «ይሄ ነው አረንጓዴው ጋሼ? ወይስ የወሎ አረንጓዴ ሌላ ነው?»

ጋሽ ኸይሩ መጽሔቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። እጥፋቱን በጣታቸው ተከተሉት። አሸተቱት። ሁሉም ነገር ያው ነው፤ ቀለሙ ብቻ። ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ክስ ቢኖር ኖሮ እናዘዝ ነበር፤ ምናልባት። የነበረው ግን ልመና ነው።

«ትርንጌ፣ አንቺ አይተሽው የለ? ምን ነበር ቀለሙ?»

«ቀይ ነበር ጋሼ» አልኩ።

ቀይ ነበር አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እሳቸው መጽሔቱን አጠፉትና «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉ። ተስፋዬም ሳቁን ዋጠው።

መስረቁን ትቼ ነው የምናገረው፤ ሌባ ሌባ ነው። ግን የሰረቅኩት ወረቀቱን ብቻ ቢሆን! ጋሽ ኸይሩ ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ክር ሲያወጡ ያመነታሉ። እንደሌላው ነጋዴ ደጅ እየወጡ በፀሐይ ያስተያያሉ። የጎረቤት ሰው ይጠራሉ፤ እኔም በዚያ ሳልፍ «ነይ እስቲ ልጄ፣ ይሄ ከዚህ ይገጥማል?» ይሉኛል። ይገጥማል። ሁልጊዜም ይገጥማል። አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳቱም፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግን የሚያመነታ ሰው አይወዱምና ወደ ሌላ ሱቅ ሄዱ። ብዙ ሳይቆይ ሱቁን ለልጃቸው ለቀቁ። ኮሚኮቻቸውን በሙሉ በጆንያ አሸክመው እኔ ዘንድ ላኩ። «ከወረቀትሽ የመጣ ነው፤ ወደ ወረቀትሽ ይመለስ» ብለው። ተቀበልኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እሱንም ተቀበልኩ።

ከዓመታት በኋላ ሐጅ ሊሄዱ ተነሱ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ሳይነሳ በፊት የሚያውቀውን ሁሉ እየዞረ ይቅርታ ይጠይቃል፤ «አፉ በሉኝ» ይላል፤ እስላም ክርስቲያን አይልም። ጋሽ ኸይሩም ነጭ ለብሰው መጋዘኔ መጡ። አረንጓዴው ከጀርባዬ ካለው ሳጥን ውስጥ ነበር፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ።

«ትርንጌ፣ ያን ዓርብ ለቅጽበት በልቤ ጠርጥሬሽ ነበር። ለወጠችው ብዬ አሰብኩ። ወላሂ፣ የዓይኔን ጥፋት ባንቺ ላይ ልጥል ነበር። አፉ በይኝ ልጄ።»

የበደልኳቸው እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂው እሳቸው። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ግን አልዋጠችኝም፤ እኔም «አፉ ብያለሁ ጋሼ» አልኩና ሸኘኋቸው። «እርስዎም አፉ ይበሉኝ» ማለት ምን ያህል ትከብድ ነበር? ደግሞ ልማዱ ነው፤ ሁሉም እንዲያ ይላል፤ ምክንያቱን እንኳ አይጠይቁኝም ነበር። ለዚያ እንኳ አልበቃሁም። ሲመለሱ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ አላቸው። እኔ ብቻ ጋሼ እንዳልኩ ቀረሁ፤ ሐጂ ስል ምላሴ ይያዛል።

አረንጓዴውንስ ምን አደረግሽው ብትሉኝ፣ ምንም። ለማን ላሳየው? ማን ፊት አውጥቼ «እነሆ፣ አለ» ልበል? ስለ ዋጋው ያን ሁሉ የተከራከርኩበት ነገር ሳጥን ውስጥ ዋጋ ቢስ ሆኖ ተኛ። አንዳንዴ በሕልሜ ቀይ ሆኖ ይመጣል፤ ደንግጬ ነቅቼ ሳጥኑን እከፍታለሁ። አረንጓዴ ነው።

አምና ይዤው ሄድኩ። ጋሽ ኸይሩ ልጃቸው ቤት፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። መጽሔቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። በጣታቸው ዳበሱት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ጥቁር አዝሙድ» አሉ ፈገግ ብለው። «ያ ቀዩ ባለካባ ነው?»

«ቀይ አይደለም ጋሼ። አረንጓዴ ነው። ያኔም አረንጓዴ ነበር።»

እጄን ፈልገው ያዙኝ። «አይ ትርንጌ! ሽማግሌ ደስ ይበለው ብለሽ ነው። አንቺ ውሸት አይሆንልሽም። ቀይ ነው፤ ያኔ አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ?»

«ቀይሬው ነበር» የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ልጃቸው ሻይ ይዞ ገባ። ቃሌን ከሻዩ ጋር ዋጥኩት። መጽሔቱን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ መረቁኝ፤ ወጣሁ።

እናንተን አፉ በሉኝ አልልም። አፉ የሚለው የተበደለው ነው፤ እናንተን አልበደልኩም። ፈራሁ፣ ልጅ ነበርኩ፣ ቀናሁ ብዬም አላመካኝም። አንድ ነገር ብቻ ስሙኝ። ያን ዓርብ፣ ፀሐይዋ ክሮቹ ላይ ባረፈችበት፣ ጋሽ ኸይሩ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልስ አለኝ።

አረንጓዴ ነበር ጋሼ። ዓይንዎ አልተሳሳተም።