ታክሲ ውስጥ «ኖር!» ያለው እንግዳ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከአየር ጤና ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ረጅም ሆላንዳዊ አናቱን ከጣሪያው ጋር ደጋግሞ ሲያጋጭ አየሁ። ጥፋቱ የጎረቤቴ ልጅ የቤዛ ነው... ወይም ሙያዋ፣ እንደ አተያዩ።

ቤዛ አስጎብኚ ናት። የሙከራ ጊዜዋ በዚህ ሳምንት ያልቃል፤ አለቃዋም «አንድ እንግዳ ካማረረ አብረን አንቀጥልም» ብሏታል። የሙከራዋ የመጨረሻ እንግዳ ያን ይባላል፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ፕሮግራሙ ላይ ምሳ በቤተሰብ ቤት የሚል ስላለ እናቷ ቤት አመጣችው። እኔም ተጠራሁ።

ስገባ ቤቱ ሁሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። «በእግዜር፣ ኧረ በእግዜር!» እያልኩ ስቀመጥ እንግዳው ግራ ገብቶት ቤዛን አያት። እሷም በእንግሊዝኛ አስረዳችው።

«ሰው ሲገባ የተቀመጠ ይነሳል። ሀብታም ደሃ አይልም። ሰው ከገባ በቃ።»

ያን በጥሞና ሰማ። ከእኔ በኋላ ጎረቤቶች ሲመጡ ከሁላችን ቀድሞ የሚነሳው እሱ ሆነ። ቤዛ በኩራት ጠቀሰችኝ።

ከምሳ በኋላ የድርጅቱ መኪና አልነሳ አለ። ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ራሱን ያክ ጀመር። ቤዛ ስልክ ደወለች፤ ሌላ መኪና ጦር ኃይሎች እንደሚጠብቃቸው፣ ቀጥለው የሚጎበኙት ሙዚየም ሳይዘጋ እዚያ ድረስ በታክሲ እንዲደርሱ ተነገራት። መንገዴ ስለሆነ አብሬያቸው ተሳፈርኩ።

የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ወጣት ገባ። ያን ብድግ... ጓ!

«ኖር!»

ወጣቱ ምንም አልሰማም። ወያላው ግን ሰምቷል።

«ፋዘር! ቁጭ በል እንጂ፣ ገና አልደረስንም!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሁለተኛው ፌርማታ ላይም እንደዚያው ሆነ። ብድግ፣ ጓ፣ «ኖር!»፣ ሳቅ። ቤዛ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«አለቀልኝ ጋሼ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሰው ሳቀብኝ ብሎ ቢጽፍስ?» ከዚያ ወደ እሱ ዞራ ታክሲ ውስጥ እንደማያስፈልግ ነገረችው።

«ለምን?» አለ ያን አናቱን እያሻሸ። «ሰው ገባ እኮ።»

ቤዛ እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ መስኮቱን አየሁ።

ቀጥሎ ዘንቢል የያዙ አንዲት እናት በር ላይ ደረሱ። ያን ትንሽ አመነታ... ከዚያ ጎንበስ ብሎ ተነሳ።

«ኖር!»

እሳቸው አልሳቁም። ጎረቤት ቤት እንደገባ ሰው በሩ ላይ ቆም ብለው «በእግዜር! በእግዜር ልጄ፣ ኧረ ተቀመጥ!» አሉት። ከዚያ እኛን አንድ በአንድ አዩን።

«የእናንተን ጉልበት ደግሞ ምን ነካው?»

ታክሲው በሳቅ ፈነዳ። ይሄኛው ሳቅ ግን ሌላ ነበር። ወጣቱ ማዳመጫውን ነቅሎ «ምንድን ነው?» እያለ መጠየቅ ጀመረ።

የሚቀጥለው ተሳፋሪ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ነው። አንድ እግሩን እንዳስገባ ሁላችንም ጎንበስ ብለን ብድግ አልን። ሰውዬው ደንግጦ እግሩን መለሰ።

«እንዴ! ሁላችሁም ወራጅ ናችሁ?»

«ኖር!» አልን በአንድ ድምፅ።

«በ... በእግዜር» አለ ዙሪያውን እያየ፣ ቀስ ብሎ እየገባ።

ሹፌሩ በመስታወት እያየን «እጄ መሪ ላይ ሆኖብኝ ነው እንጂ እኔም በልቤ ተነስቻለሁ!» አለ። እስከ ጦር ኃይሎች ድረስ እንዲህ ስንነሳና ስንቀመጥ ደረስን።

እዚያ አዲሱ መኪና ቆሟል። አጠገቡ የቤዛ አለቃ ራሱ ፊቱን አጥቁሮ ቆሟል። እንግዳውን በታክሲ ስላንገላቱት ይቅርታ ጠይቆ ከኋላ አስገባው። ከዚያ እሱም ሊገባ በሩን ሲከፍት... ጓ!

«ኖር!»

ቤዛ ዓይኗን ጨፈነች።

አለቃው ግን ሳያስበው፣ እናቱ ቤት እንዳለ ልጅ፣ «በእግዜር!» ብሎ መለሰ። ያለውን ያወቀው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ሳቁን ለቀቀው።

«ማን ነው ይህን ያስተማራቸው?»

«እኔ» አለች ቤዛ በቀጭን ድምፅ።

«ነገ ምን ማየት እንደሚፈልጉ ጠይቂልኝ እስቲ።»

ያን ሳያቅማማ «ያንኑ ታክሲ» አለ።

ማታ ቤዛ ቤቴ መጥታ «ጋሼ፣ ቋሚ ሆኛለሁ!» ስትለኝ እኔም ከወንበሬ ብድግ አልኩላት።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ፌርማታው ላይ አንዲት ሴትዮ ሲገቡ ሳላስበው ተነስቼ አናቴን ጓ አደረግኩት። ወያላው አየኝና «ጋሼ፣ ወራጅ ነዎት?» አለኝ።

«አይ ልጄ... ሰው ገብቶ ነው።»