ለሪሚክስ የተቀመጡ ሽማግሌዎች

ሙዚቃ እሠራለሁ ስል ሰው ሁሉ ስቱዲዮ ያለኝ ይመስለዋል። ያለኝ ግሽ አባይ ሰፈር እናቴ ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል፣ ማራገቢያው የሚጮህ ላፕቶፕና በፕላስተር የተጠገነ የጆሮ ማዳመጫ ነው። የምሠራውም ዘፈን አይደለም። ልጆች ሳለን ጌም ቤት ተጋፍተን የምንጫወታቸውን የድሮ ጌሞች ሙዚቃ እየወሰድኩ እንደገና እሠራዋለሁ፤ ከበሮ እጨምርበታለሁ፣ ክራር አስገባበታለሁ፣ አፈጥነዋለሁ ወይም አዘገየዋለሁ። ሪሚክስ ይባላል። እናቴ ግን "ያ ጢው ጢው የሚለው ነገር" ነው የምትለው።

አድማጭን በተመለከተ ራሴን አላታልልም። ቻናሌ ላይ አንድ ሥራ ስለቅ ልብና ጭብጨባ ይዘንብልኛል፤ ችግሩ ሙዚቃው አራት ደቂቃ ሆኖ ሳለ ገና ሳይጀመር ጭብጨባው መምጣቱ ነው። የአክስቴ ልጅ አንዴ "እሳት ነው!" ብሎ የጻፈልኝ ፋይሉ ስልኩ ላይ ሳይወርድለት ነው። እስከ መጨረሻው የሚያዳምጠኝ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ ፔዳ አካባቢ ባለ ኮሌጅ የኮምፒውተር ላቦራቶሪ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ። ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው። ጌም ቤቱ ውስጥ ያደግነውም አብረን ነው።

ባለፈው ክረምት የአንዱ ጌም ጀግና ውሃ ውስጥ የሚዋኝበትን ደረጃ ሙዚቃ ሠራሁ። ብዙ ደክሜበታለሁ። ክራሩን ከሰው አልቀዳሁትም፤ ጣቴ እስኪላጥ ተለማምጄ ራሴ ነኝ የደረደርኩት። ሲያልቅ ለጓደኛዬ ላክኩለትና "እውነቱን ንገረኝ" አልኩት። ሰው "እውነቱን ንገረኝ" ሲል ምን እንዲባልለት እንደሚፈልግ የማያውቅ የለም። እሱ ብቻ አያውቅም።

የመለሰልኝ የድምፅ መልእክት ከሙዚቃው ይረዝማል። "ጥሩ ነገር አለው" ብሎ ጀመረና ጥሩው ነገር ምን እንደሆነ ሳይነግረኝ አለፈ። መግቢያው ረዝሟል። ከበሮው ዜማውን ጥሎት ይሮጣል። ቤዙ የወፍጮ ቤት ድምፅ ነው የሚመስለው። ክራሩ ደግሞ ቢወጣ ሙዚቃው ትንሽ ይተነፍስ ነበር። በየመሃሉም እንዲህ ብታደርገው፣ እንዲያ ብትሞክረው እያለ መፍትሔ ይሰጣል። ይበልጥ ያንገበገበኝ መፍትሔ መስጠቱ ነው። ቢሰድበኝ ኖሮ መልሼ ሰድቤው እገላገል ነበር፤ ሊያግዝህ የሚፈልግን ሰው ግን ምን ታደርገዋለህ?

በማግስቱ ጠረጴዛዬን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ሰላምታ አቆምኩ። ምሳ ከአንድ ትሪ እንበላ የነበርነው ሰዎች፣ እኔ ሽሮዬን ለብቻዬ ይዤ መስኮቱ ሥር እቀመጥ ጀመር። እሱ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አዘነ፣ በመጨረሻ እሱም አኮረፈ። የላቦራቶሪውን ቁልፍ እንኳ የምንቀባበለው በጥበቃው በኩል ሆነ። ጥበቃው ስንት ጊዜ ደረጃ እንደወጡና እንደወረዱ አያነሡብኝም፤ እኔም አላነሣም።

ነገሩ እናቴ ጆሮ ደረሰ። ምክንያቱን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ አላመነችኝም። ሁለት ጎልማሶች በጢው ጢው አይኳረፉም፤ ከጀርባው ሴት ወይም መሬት አለ ብላ ደመደመች። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም በእኛ ሰፈር የሚደረገው የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ይላካል። እሷም ሦስት ሰው መረጠች፤ ከሐይቁ ማዶ በየሳምንቱ በጀልባ የሚመጡትን የንስሐ አባቷን፣ የእድራችንን ሊቀ መንበርና ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡትን ጎረቤታችንን። ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰው ጓደኛዬ ወደተከራየበት ግቢ ሲገቡ፣ አከራይዋ ወይዘሮ ሴት ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ መስሏቸው ምንጣፍ አነጠፉ። የመጡበት ጉዳይ ሲነገራቸው ምንጣፉን መልሰው ጠቀለሉት ይባላል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ቄሱ "አባታችን ሆይ" አስደገሙንና መጀመሪያ ጓደኛዬ እንዲናገር አዘዙት። "ንገረኝ አለኝ፤ ነገርሁት" ብሎ ጨረሰ። እኔ ስሞታዬን ከመግቢያው እስከ ክራሩ በዝርዝር አቀረብኩ። ሽማግሌዎቹ በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ስጨርስም አሁን ደግሞ ዋናውን ጉዳይ አውጡት አሉን። ቄሱ ለስለስ ብለው መሬት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አይደለም አልን። ሴትም እንዳይደለ ሁለታችንም ማልን። ሦስቱ ተያዩ፤ በመጨረሻ የተጣላንበት ነገር ራሱ ይሰማ ተባለ።

ድምፅ ማጉያዬን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። ሽማግሌዎቹ ምስክር እንደሚሰማ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን አቁመው ያዩን ጀመር። መሃል ላይ ጀግናው ሲሞት የምትመጣውን፣ ቁልቁል የምትወርድ አጭር ዜማ እንዳለች ትቻት ነበር። እሷ ላይ ስንደርስ ቄሱ እጃቸውን አነሡ።

"አሁን ምን ሆነ?"

"ሞተ፣ አባ።"

"ነፍስ ይማር" አሉ የእድሩ ሊቀ መንበር፣ ልማድ ሆኖባቸው።

ሙዚቃው መልሶ ሲጀምር ይህ ደግሞ ማነው ብለው ጠየቁኝ። ያው እሱ ራሱ ነው፣ ሦስት ነፍስ አለው አልኳቸው። ሁሉም ወደ ቄሱ ዞረ። ቄሱ ጢማቸውን ይዘው ጥቂት አሰቡና "ይለፍ" አሉ። ጡረተኛው ጎረቤታችን ግን ገና መግቢያው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ስለነበር ይህ ሁሉ አመለጣቸው። የነቁት ክራሩ ላይ ነው። እኔ ይህን ለክራሩ እንደ ድል ቆጠርኩት፤ ጓደኛዬ ግን መግቢያውን እያሰበ እንደሆነ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ለምክር ወደ ውሃው ጠጋ አሉ። ምክሩ ረዘመ። ከበሮው ፈጥኗል፣ የለም አልፈጠነም እያሉ ሲከራከሩ ይሰማናል፤ ሊቀ መንበሩ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ያስረዳሉ፣ ቄሱ በመቋሚያቸው መሬቱን እየነኩ ያርሟቸዋል። ተመልሰው ሲመጡ ፍርዱ ተነገረ። እውነት ቢሆንም እንኳ ሰው በደከመበት ነገር ላይ እንዲህ አይባልም፤ ስለዚህ ጓደኛዬ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ። ድንጋይ የሚያሸክመው ከባድ በደል ነው፤ ሊቀ መንበሩ ምክንያቱን በኋላ ለብቻዬ ሲነግሩኝ፣ የደበቃችሁት ነገር ካለ እሱንም እንዲያጠቃልል ብለን ነው አሉኝ።

ጓደኛዬ ከዳርቻው አንድ ድንጋይ አነሣ። ትንንሾች ሞልተው ሳለ ትልቁን ነው የመረጠው። በጫንቃው አድርጎ ጎንበስ ብሎ መጣና "ስለ ቤዙ ይቅር በለኝ" አለኝ። "ይቅር ለእግዚአብሔር" ብዬ አወረድኩለት፤ ተቃቀፍን። ሁሉም አለቀ ስንል ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ።

"ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ልጅ ሙዚቃ ላይ ክፉ ቃል እንዳትናገር ገዝቼሃለሁ" አሉት።

ግዝት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ጓደኛዬ ጾም የማይሽር፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም የማያልፍ ሰው ነው። መስቀሉን ተሳለመ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ፣ እናቴም እልል አለች።

ጠረጴዛዬን ወደ ቦታው መልሼ፣ በሳምንቱ አዲስ ሥራ ላክኩለት። "ጥሩ ነው" አለ። ምኑ አልኩት። ሁሉም አለኝ። ሌላ ላክኩ፤ "ቆንጆ ነው" አለ። ቀና ብዬ ፊቱን ሳየው ከንፈሩን ነክሷል፣ ግንባሩን ላብ ቸፈፍ አድርጎታል። ጥርጣሬ ገባኝ። የላቦራቶሪውን ፕሪንተር ወረቀት ሲያኝክ ቀዳሁት፣ ከላዩ የእናቴን ዶሮ እንቁላል ጥላ ስትንጫጫ ጨመርኩበት፣ ይህንኑ ደጋግሜ አስረዘምኩና ላክኩለት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጠው። "ልብ ይነካል" አለና እየሮጠ ወደ ሽንት ቤት ሄደ።

በዚህ መካከል ያልተገዘቱት ሽማግሌዎች አፋቸው ተፈትቶ ነበር። ጎረቤታችን ፋብሪካ ሳሉ ማሽን እንደ እኔ ከበሮ ሲመታ ወዲያው አጥፍተው መካኒክ ይጠሩ እንደነበር በአጥር በኩል ነገሩኝ፤ ተኝተው እንዳለፉት ላስታውሳቸው አልደፈርኩም። ሊቀ መንበሩ ደግሞ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡና "ያን ልጅ ግን ቶሎ ገደልኸው" ብለው በሹክሹክታ ወቀሱኝ። ከፊታችን የነበሩት ሴትዮ ነጠላቸውን ሰብስበው ሌላ ቦታ ሄዱ።

ከኮምፒውተሬ ፊት ስቀመጥ እጄ አልሠራ አለኝ። ማንም ሳያውቅ መግቢያውን አሳጥሬው ነበር፣ ከበሮውንም ጎትቼ መልሼው ነበር፤ እንዳለው ሙዚቃው ተሻለ። ክራሩን አላወጣሁትም፣ አላወጣውምም። ግን ይህን ሁሉ አሻሽዬ ሳሰማው "ጥሩ ነው" ብቻ ነው የሚለኝ፣ ያኔ ለዶሮዋ ባለበት ድምፅ። የትኛው ሥራዬ ጥሩ የትኛው መጥፎ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። በየቀኑ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የሚውለው ሰው ናፈቀኝ። ጭብጨባማ ከአክስቴም ልጅ አገኘዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጀልባዋ በምትቆምበት ወደብ ሄጄ ቄሱን ጠበቅኳቸው። ከጀልባዋ እንደወረዱ መስቀል ተሳለምኩና ግዝቱን እንዲያነሡልኝ ለመንኳቸው።

"ታርቃችሁ የለም እንዴ?"

"ታርቀናል፣ አባ። የጎዳኝ እርቁ ነው።"

ቄሱ ትክ ብለው አዩኝ። ሰው እንዳይሰድበኝ ይገዝቱልኝ ብሎ የሚመጣ ሞልቷል፣ እንዲሰድበኝ ይፍቱልኝ ያለ ግን ገና ዛሬ አየሁ አሉ። ቢሆንም የተገዘተው እሱ ስለሆነ ራሱ መጥቶ ይለምን ብለው እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ደወልኩለት። በባጃጅ እየበረረ መጣ። ቄሱ መፈታት ትፈልጋለህ ወይ ብለው ጠየቁት። እኔን አየ፣ መሬት መሬቱን አየ።

"አባ፣ ታፍኜ ልሞት ነው" አለ። "በተለይ የዶሮዋ ጊዜ።"

ቄሱ የትኛዋ ዶሮ ብለው አልጠየቁም። በመስቀላቸው ግንባሩን ነክተው "እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉት። ወደ እኔም ዞረው፣ ዳግመኛ ባኮርፍ የሚያሸክሙኝን ድንጋይ ከአሁኑ አይተው እንዳስቀመጡልኝ ነገሩኝና ወደ ከተማው አቀኑ።

ስልኬ ላይ ለማንም ያላሰማሁት አዲስ ሥራ ነበር። ማዳመጫውን ሰጠሁት። ሐይቁን እያየ አዳመጠ፤ እኔ ፊቱን እያየሁ ጠበቅኩ። ሲያልቅ ማዳመጫውን አወለቀ፣ ገመዱን ቀስ ብሎ ጠቀለለው።

"ይኼ ከፊተኞቹ ሁሉ የባሰ ነው" አለኝ።

እንባዬ መጣ። ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩና ምኑ ነው አልኩት። መናገር ጀመረ። ባጃጆች አጠገባችን እየቆሙ ይጠሩናል፤ እሱ አልሰማቸውም፣ እኔም እሱን ማቋረጥ ስላልፈለግኩ አልተሳፈርንም፣ በእግራችን ሄድን። ፔዳ ስንደርስ ገና የሙዚቃውን የመጀመሪያ ደቂቃ አልጨረሰም ነበር።