የትሏ ጠበቃ

ትሏን መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ፤ የጮህኩትም እኔ። በዓይን ክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ገና በሙከራ ላይ ሳለሁ ነው። ጠዋት የታካሚዎች መጠበቂያ ሳሎኑን ስከፍት፣ እዚያ ባለው የባሕር ዓሦች የመስታወት ገንዳ ውስጥ የጣት ርዝመት ያላት፣ ጎንና ጎኗ ነጭ ፀጉር ብቻ የሆነች ፍጡር የሞተ ዓሣ ላይ ተጠምጥማለች። «ኧረ የሰው ያለህ!» ብዬ ቤቱን ቀውጢ አደረግሁት።

ሲሞት ሦስተኛው ዓሣ ነበር። ዶክተሯ መጥታ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። «እስከ ዓርብ መላ ካልተገኘ ገንዳው ይነሳል» አለች።

ገንዳው ተነሳ ማለት ጋሽ ቧንቧም ተነሱ ማለት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቧንቧ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ አላስቀምጥ ሲላቸው፣ የክሊኒኩን ዓሦችና ኮራል የሚባለውን ድንጋይ መሳይ የባሕር ፍጡር መንከባከብ ያዙ። እነዚያን ዓሦች ሲያወሯቸው ብትሰሙ፣ የልጅ ልጆቻቸው ነው የሚመስሏችሁ።

«ይቺ ነፍሰ ገዳይ ትገደልልኝ!» አልኩ።

«ቆዪ እንጂ ልጄ፣ ምን አስቸኮለሽ? የሚያፈስ ቧንቧ ሲፈለግ ግድግዳ አይፈረስም፤ አንድ በአንድ እየዘጉ ማየት ነው» አሉ ጋሽ ቧንቧ።

ትሏን በወረንጦ ይዘው፣ ጓዳ ባስቀመጡት የጨው ውኃ ባልዲ ውስጥ ከተቷት። አንድ ጤነኛ ዓሣና ቁራጭ የሞተ ዓሣ ጨመሩላት። ከሁለት ቀን በኋላ ቁራጩ የለም፣ ጤነኛው ይዋኛል። ገንዳው ውስጥ ግን ትሏ በሌለችበት አራተኛው ሞተ! ኮራሉን የሸጠልን ሰውዬም ፎቶዋን ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ። «ከኮራሉ ድንጋይ ጋር የመጣች የባሕር ትል ናት። የሞተና የተረፈ ለቃሚ ናት፤ ጽዳት ሠራተኛችሁ በሏት። ብቻ በእጅ አትንኳት፣ ፀጉሯ ይወጋል።»

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ቧንቧ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። «ልጄ፣ ጠዋት ስትገቢ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ለዝንቡ ፍሊት እነፋለሁ፣ ከዚያ…»

ዓይኔ ወደ ገንዳው ሄደ። ክዳን የለውም፤ ለካ መርዙ በየጠዋቱ ውኃው ላይ ያርፍ ኖሯል። እሳቸውም የፍሊቱን ቆርቆሮ መሳቢያዬ ውስጥ ከተቱና ሄዱ።

ዓርብ የዶክተሯ በር ገርበብ ብሎ ነበር። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላሉ ጋሽ ቧንቧ። «ጨዉን ስበጠብጥ መጠኑን ስቼ ነው። እርጅና ነው መቼስ። ሌላ ሰው ይፈለግ።»

ክው አልኩ። ትሏን ያለ ማስረጃ አላስገድልም ያሉ ሰው፣ ለእኔ ብለው በራሳቸው ላይ በሐሰት ይመሰክራሉ! አፈርኩ፣ እንባዬም መጣ። በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ውሸታቸውን ነው ዶክተር! ፍሊቱን በየጠዋቱ የነፋሁት እኔ ነኝ።»

ዶክተሯ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን። «አንቺ፣ ፍሊቱን አምጥተሽ እዚህ ጣይው። እርስዎም ጋሼ፣ ሁለተኛ እንዳይዋሹኝ። ለገንዳው ክዳን ያሠሩለት።»

ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ውኃ ስንቀይር ዋልን፤ ባልዲ ተሸካሚዋ እኔ ነበርኩ። ትሏንም በወረንጦ ወደ ቦታዋ የመለስኳት እኔው ነኝ። አሁን ታካሚ አይቷት ሲጮህ፣ ጋሽ ቧንቧ ቀና ብለው ያዩኛል፤ እኔም «አይዞህ፣ ባልደረባችን ናት» እላለሁ።