ያቃናኋት መስመር

ጓደኛዬ እርሳስ ሲይዝ ማየት አልወድም። ሃያ ዓመት ሙሉ አልወደድኩም። በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን የቤት ንድፍ ስንማር፣ እኔ በማስመሪያ ሦስቴ ለክቼ የማሰምረውን እሱ በባዶ እጁ አንዴ ሳብ ያደርገውና ወደ መስኮቱ ዞሮ ያፏጫል። ከመስመሩ ይልቅ ፉጨቱ ነበር የሚያናድደኝ።

አሁን እሱ ኮምቦልቻ፣ እኔ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የንድፍ ቢሮ ከፍተናል። አምና ከቢስቲማ ወዲያ የመጡ አንድ ሸህ ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ፎቶኮፒ ሰጡን። በአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በአገራቸው ያለፈ ፈረንጅ መንገደኛ የቅድመ አያታቸውን ቤት በእርሳስ ሥሎት ኖሯል። ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ በቦታው መልሰው ሊሠሩት ነው።

"ሁለታችሁም ንደፉልኝ፤ ልቤ ያረፈበትን እይዛለሁ" አሉ።

ያን ሥራ የተመኘሁትን ያህል ምንም ተመኝቼ አላውቅም። ለእንጀራዬ ብቻ ብዬ አይደለም፤ አንድ ቀን እንኳ እሱ ባለበት እኔ ልመረጥ ብዬ ነው።

ሥዕሉ ላይ ሳምንት አፈጠጥኩ። የሣር ክዳኑ ከጉልላቱ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ የወረደ መስመር ነው። በሩ ጋ እርሳሱ ተጭኖ ጠቁሯል፤ ጥላው በቀጫጭን ሰያፍ ጭረቶች ተሞልቷል። ፈረንጁም እንደ ጓደኛዬ ያለ እጅ ነበረው፤ ሞቶም ቀናሁበት። አንድ ቦታ ብቻ፣ በስተግራ ጠርዙ፣ የክቡ ግድግዳ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ወጣ ብሏል። እዚህ ላይ ደስ አለኝ። "ተሳስተሃል ጌታው፤ በቅሎህ ነቅንቃህ ይሆናል" አልኩና በኮምፒውተር ልቅም ያለ ክብ አድርጌ አቃናሁለት።

በቀጠሮው ቀን ከሰዓት በኋላ በጓደኛዬ ቢሮ ተገናኘን። ሸሁ ሁለቱን ንድፎች ጎን ለጎን ዘርግተው መጀመሪያ የኔን አነሱ።

"ማሻአላህ! እንደ ሰፌድ ተስተካክላለች። ግን የኔ ልጅ፣ ይቺ የማን ቤት ናት?"

"የርስዎ ነው እንጂ ሸህዬ፤ የሰጡኝን ነው የነደፍኩት።"

"አይይ!" ጣታቸውን በጓደኛዬ ንድፍ ላይ አሳረፉ፤ ያቺ እብጠት እንዳለች አለች። "የኛ ቤት ይቺ ናት። አባቶቻችን በቂብላ በኩል ያለውን ግድግዳ ወጣ አድርገው ነበር የሚሠሩት። እንግዳ ሲመጣ ወዴት ልዙር ብሎ ሳይጠይቅ እዚያው ገብቶ ይሰግዳል። ወላሂ፣ አንተ የኛው ልጅ ሆነህ ይሄ እንዴት ይጠፋሃል?"

ፊቴ ጋለ። በቀን አምስት ጊዜ ወደ ቂብላ የምዞረው እኔ ነኝ፤ ጓደኛዬ ሁዳዴ የሚጾም ክርስቲያን ነው።

"እንዴት አወቅክ?" አልኩት፣ ንዴቴ ድምፄ ላይ እንዳይታወቅ እየታገልኩ።

"ምኑን አውቄ! ፈረንጁ እንደዚያ ሥሎት አየሁ፤ እንደዚያው ሣልኩት።"

ቢያውቅ ይሻለኝ ነበር። አጥንቶ፣ ሽማግሌ ጠይቆ ቢሆን "ለፍቶ ነው" ብዬ እጽናና ነበር። ሳያውቅ መብለጡ አንጀቴን አሳረረው። ጥርስ ባዳ ነው፤ እየሳቅኩ እንኳን ደስ ያለህ አልኩት።

"አብረን እንሥራው፤ ኮምፒውተሩን አንተ ትችልበታለህ" አለኝ ከልቡ። ሥራ በዝቶብኛል አልኩት። አልበዛብኝም።

የአስር ሰላት ደረሰ። ከሸሁ ጋር ተጣጥበን ውዱእ አድርገን ስንመለስ ጓደኛዬ ጠረጴዛውን ወደ ጥግ ገፍቶ፣ ንጹሕ የንድፍ ወረቀት ወለሉ ላይ አንጥፎልን ራሱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። በሸሁ ቀኝ ቆምኩ። ሱጁድ ወርጄ ግንባሬ ወረቀቱን ሲነካ፣ አላህ ይህን ቅናት እንዲያነሳልኝ መለመን ነበረብኝ። እንደሱ ያለ እጅ ስጠኝ ብልም ባልከፋ። እኔ የለመንኩት የሱኑ እጅ ነው፤ ከሱ ወስዶ ለኔ እንዲሰጠኝ።