ባሌና የዕፀ ሕይወት ጀልባ

ዕፀ ሕይወት ጀልባ ላይ መኖር ጀመረች ብለው ሲነግሩኝ ስቄአለሁ። ዳላስ ውስጥ ምን ውሃ አለና? ያለው ሀይዌይ ነው፤ ከሀይዌዩ ወዲያ ሌላ ሀይዌይ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ መኪና መሸጫ። «የቤት ኪራይ ከብዷት ይሆናል፣ ምስኪን» ብዬ ከንፈሬን መጠጥኩላት።

ዕፀ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ ከኋላ የምትቆም፣ ቀጠን ያለች፣ ዕድሜዋን ብትጠይቋት ፈገግ ብላ የምታልፍ የደሴ ልጅ ናት። አሜሪካ የገባችው በሱዳን በኩል ዞራ ነው። መጀመሪያ ሆቴል አልጋ አነጠፈች፤ ቀጥሎ በየቤቱ እየሄደች አዛውንት የምታስታምም ሆነች። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም። እንዲህ ያለች ሴት ዘንድ የሰው ባል ሲመላለስ ደስ የማይለኝ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሌሎቹ ዝም ይላሉ፣ እኔ እናገራለሁ።

ጀልባዋ የእርሷ አልነበረችም። ከምታስታምማቸው ሰዎች አንዱ ሚስተር ኮሊንስ የሚባሉ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነበሩ። እኚህ ሰውዬ ጀልባቸውን ከአገራቸው በመርከብ አስጭነው፣ ከሂዩስተን በትልቅ ትራክ አስጎትተው ዳላስ አጠገብ ኧርቪንግ፣ ላስ ኮሊናስ የሚባለው ሰፈር አስመጧት። እዚያ በቢሮ ፎቆች መሀል ሰው ቆፍሮ የሠራው የውሃ ቦይ አለ። ድልድዮች አሉት፣ ዳር ዳሩን ምግብ ቤት ነው፣ መጨረሻው ከሐይቅ ጋር ይገናኛል። የውሃው ባለቤቶች ፈቅደውላቸው ሰውዬው እዚያው ይኖሩ ነበር፤ ዕፀ ሕይወትም እዚያው ታስታምማቸው ነበር። በኋላ ልጃቸው ወደ ተልሳ ከተማ ስትወስዳቸው፣ «ግቢና ኑሪባት። አንድ አደራ ብቻ አለኝ፤ ሞተሯን በየሳምንቱ አስነሺልኝ። ብዙ ከቆመች ትሞታለች» አሏት። እርሷም ሁለት ሻንጣ ይዛ ገባች።

ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ሆነን እንኳን ደስ ያለሽ ልንላት ሄድን። ያን ቀን ነው ቆሽቴ ማረር የጀመረው። ጀልባዋ ርዝመቷ የሁለት አውቶቡስ ያህል ነው፤ ስፋቷ ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆም ትከሻው ይነካካል። ውጪዋ አረንጓዴ ሆኖ ጎኗ ላይ ጽጌረዳ ተስሎበታል። ውስጧ ሲገቡ ትንሽ ምድጃ፣ ተጣጥፎ ግድግዳው ውስጥ የሚገባ ጠረጴዛ፣ በስተመጨረሻ ደግሞ አልጋ። መስኮቱ ከውሃው እኩል ስለሆነ ዳክዬዎቹ በዓይንሽ ትይዩ ይሄዳሉ። ዕፀ ሕይወት ዳቦ ቆርሳ በመስኮቱ ሰጠቻቸው፤ በስም ነው የምትጠራቸው።

«ሁልጊዜ እዚሁ ነሽ?» አልኳት።

«አይ፣ ሲሰለቸኝ ገመዷን ፈትቼ እሄዳለሁ። ትናንት ሐይቁ ላይ ነው ያደርኩት። ነገ አደባባዩ ላይ ከቆሙት የነሐስ ፈረስ ሐውልቶች ወዲህ ካለው ድልድይ ሥር እሄዳለሁ።»

እኔ የአፓርታማዬን መስኮት ስከፍት የጎረቤቴ ኤሲ ነው ፊቴ ላይ የሚያንኳኳው። እርሷ ደግሞ ሰፈር ሲሰለቻት ቤቷን ይዛ ትሄዳለች! ነሐሴ ሲገባ ብረቱ ግሎ እንደ ምድጃ ይሆናል ሲሉኝ ትንሽ ተጽናንቼ ነበር። እርሷ ግን ጀልባዋን ድልድይ ሥር አስገብታ በጥላ ትተኛለች አሉ። ላይሳካልኝ ነገር።

በዚህ ቢያበቃ ምንም አልነበረም። የቤት ቅናት ነው፣ ቤት ሲገዙ ይለቃል። ግን ነገሩ ወደ ባሌ መጣ።

ባሌ ክፍሉ የባሕር ኃይል ሰው ነበር፤ መጀመሪያ ምጽዋ፣ በኋላ አሰብ የመርከብ ሞተር ይጠግን ነበር። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲወድቅ በመርከብ ወደ የመን ወጣ፤ ከየመን ዳላስ። አሁን ግራንድ ፕሬሪ ከተማ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ ይነዳል። ሰው ሁሉ «ጨዋ ባል አለሽ» ይለኛል። ጨዋ ነው፣ ግን አይናገርም። እንቅልፉ ላይ ባንኖ ይነሳና አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። «ምን ሆነህ ነው?» ስለው «ምንም፣ ፀዳዬ፤ ተኚ» ይለኛል። ነቢዩ የሚባል ታናሽ ወንድም እንደነበረው አውቃለሁ። «የት አለ?» ስለው «እዚያው ቀረ» አለኝ። ከተጋባን አራተኛ ዓመታችን ነው፣ ከዚያ ቃል በላይ አላገኘሁም።

በፈረንጆቹ 1996 ክረምት ላይ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዕፀ ሕይወት «ሞተሯ እምቢ አለችኝ፤ የመርከብ ሞተር የሚያውቅ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። ማንም ሳይቀድመኝ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «ክፍሉ አለልሽ!» አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ቅዳሜ የእኔና የክፍሉ ቀን ነበር። ማኪኒ ከተማ ድረስ ነድተን አዲስ የተሠሩትን ቤቶች እናያለን፤ የሰው ሳሎን ውስጥ ቆመን ሶፋ የት እንደምናደርግ እንከራከራለን። ከዚያ እሑድ ወዲህ ግን ቅዳሜ የጀልባዋ ሆነ። ጠዋት ወጥቶ ማታ ዲዝል ዲዝል እየሸተተ ይመለሳል። ያፏጫል! አራት ዓመት አብሬው ስኖር ማፏጨት መቻሉን አላውቅም ነበር።

«ሞተሩ አልተሠራም እንዴ?» እለዋለሁ።

«ተሠርቷል። ግን በየሳምንቱ ካልተነሳ...»

«እርሷ እጅ የላትም?»

«እንዴ፣ ፀዳለ!» ይላል። ከዚያ ዝም። እኔ ደግሞ ከዚያ ዝምታ ውስጥ ሁሉንም ነገር አወጣለሁ። ጠባቧ ጀልባ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ያቺ በስተመጨረሻ ያለች አልጋ። ባሌን ላጣው እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። ቢሮ ተቀምጬ የሰው ኢንሹራንስ ስሞላ በደንበኛው ስም ፋንታ የእርሷን ስም እጽፋለሁ።

ጋሽ ይርጉ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ይርጉ የታክሲ ሰው ናቸው፤ ዳላስ ውስጥ የተጣላ ባልና ሚስት እርሳቸው ቤት ሳይቀመጥ አይታረቅም።

«ሽማግሌ ይላኩልኝ» አልኳቸው።

«ወደ ክፍሉ?»

«ወደ እርሷ። ባሌን እንድትተውልኝ ይንገሯት።»

«ልጄ፣ ሽማግሌ ለባል ነው የሚላከው። ለሰው ሴት ተልኮ ያውቃል እንዴ?»

«ክፍሉ እንደሆነ ቢጠይቁት 'ምንም' ነው የሚልዎ። ቢያንስ እርሷ ትናገራለች።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይርጉ ከታክሲ ጓደኞቻቸው ከጋሽ ሞገስና ከጋሽ ሸምሱ ጋር ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ፊታቸውን ቋጥረው ሄዱ። እኔ ጋሽ ይርጉ ቤት ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ሊመሽ ሲል መጡ። የሦስቱም አፍንጫ ፀሐይ መትቶት ቀልቷል።

«እህ፣ ምን አለች?»

ጋሽ ይርጉ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ማለቴ... ፓርክ አድርገን ገባን። ተቀመጡ አለችን። ተቀመጥን። ከዚያ ጀልባዋ ሙቭ አደረገች።»

«ሙቭ አደረገች ማለት?»

«ሄደች። እኛ እንደተቀመጥን። ሶ በዚያ መሀል ነገር ማንሳት...»

«ድልድይ ሥር ስንደርስ ጎንበስ በሉ ትለናለች» አሉ ጋሽ ሸምሱ እየሳቁ። «እኔ እኮ አሥር ዓመት ሙሉ ዳላስን ነዳሁ፤ ከታች ሆኜ አይቻት አላውቅም! ኤርፖርት የማደርሳቸው ሰዎች ያ ሁሉ ፎቅ ውስጥ ነው ለካ የሚሠሩት። አንዱ በመስኮት እጁን አውለበለበልኝ።»

«ጉዳዩን አነሳችሁ ወይ?»

ተያዩ። ጋሽ ሞገስ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለሚቀጥለው ሰንበት ቀጥረናታል» አሉ። «ሐይቁን ገና አላየነውም።»

ክው አልኩ። ሽማግሌዎቼንም ወሰደችብኝ!

ከዚያ ወዲያ የቀረኝ እግሬ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሉን «ኦቨርታይም አለኝ» ብዬው ወጣሁና፣ እርሱ ከሄደ በኋላ ተከትዬ ላስ ኮሊናስ ገባሁ። ጀልባዋ የምትታሰርበት ቦታ ባዶ ነው። ወደ ቦዩ ስመለከት በሩቁ አረንጓዴ ጭራዋን አየሁት። እነዚህ ጀልባዎች ከሰው እርምጃ አይፈጥኑም፤ የቢሮ ጫማዬን እንዳደረግሁ በዳሩ የእግር መንገድ ደረስኩባት። ከምግብ ቤቶቹ ዓምዶች ጀርባ እየተደበቅሁ እኩል መሄድ ጀመርኩ።

ዕፀ ሕይወት መሪውን ይዛለች። ክፍሉ ከሞተሩ ክዳን አጠገብ ቆሟል፤ በመሀላቸው አንድ ሰው ሊቀመጥበት የሚችል ቦታ አለ። አልተነካኩም። ክፍሉ እየተናገረ ነበር። ሞተሩ ስለሚጮኽ ድምፁን ከፍ አድርጓል፤ ቃል በቃል ይሰማኛል።

«...አዛዡ 'ሞተር አስነሳ' አለኝ። አስነሳሁ። እኔ ታች ነኝ፤ ከታች ሰማይም አይታይ፣ ወደብም አይታይ። ነቢዩ የሚመጣው ለነገ ነበር፤ ሳልይዘው አልሄድም ብዬው ነበር። ለካ ወሬውን ሰምቶ በዚያች ሰዓት ወደቡ ደርሷል። ላይ የነበሩት ልጆች ናቸው በኋላ የነገሩኝ። ጫፉ ላይ ቆሞ ስሜን ይጠራ ነበር አሉ። እኔ ሞተሩን ነው የምሰማው...»

እግሬ መሄዱን ቀጠለ፤ ልቤ ግን ቆመ። ይህ ሰው ማነው? እንዲህ ብዙ ቃል ያለው ሰው እኔ ቤት ለምን አንዲት ቃል ብቻ ይዞ ይገባል? አልጋዋ ላይ ባገኘው ይሻለኝ ነበር፤ እውነቴን ነው። ያ ቢሆን ጮኼ፣ ተሳድቤ፣ ፈትቼ እገላገል ነበር። ይህንን ምን ብዬ ልክሰሰው? «ወንድሙን ለሌላ ሴት አለቀሰላት» ብዬ?

አንድ ድልድይ አጠገብ ጀልባዋ ዳሩን ታክካ ስትዞር አላስቻለኝም፤ ዘልዬ ገባሁ። ጫማዬ አንዱ ውሃ ውስጥ ቀረ።

ክፍሉ አየኝና ዝም አለ። አፉ እንደ በር ሲዘጋ በዓይኔ አየሁት። ከዚያ ሁሉ ነገር የጎዳኝ ያቺ ዝምታ ናት።

ዕፀ ሕይወት አልደነገጠችም። «ፀዳለ፣ ነይ ተቀመጪ» አለችኝ። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ «እኔ ጠይቄው አላውቅም። ሞተሩ ሲነሳ ራሱ ነው የሚጀምረው» አለች።

«አልጠየቅሁሽም» አልኳት። ክፍሉን ግን፣ «ቀጥል» አልኩት። «እኔን እንደሌለሁ ቁጠረኝ። ለእርሷ ንገራት።»

ጀርባዬን ሰጥቼ ውሃውን እያየሁ ተቀመጥኩ። አንድ ድልድይ አለፍን። ሁለተኛውን ስናልፍ ድምፁ ተመለሰ። የመን እንዴት እንደደረሱ፣ ልጆቹ ሳይነግሩት እንዴት እንደሰነበቱ፣ ሲነግሩት ምን እንዳደረገ ተናገረ። «ከዚያ ወዲያ ስለ እርሱ የሰማሁት የለም» ብሎ ጨረሰ። ዕፀ ሕይወት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። እኔ አላለቀስኩም። ቀድማኝ በማልቀሷ ተናድጄ ነበር፤ ለነቢዩ ማልቀስ የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ የወንድሙ ሚስት። እርሷ ምኑ ናት? ሁሉንም ሰማሁ፣ ግን ለእኔ አልተነገረኝም።

መኪናዬን እዚያው ትቼ በእርሱ መኪና ተመለስን። ሀይዌዩ ላይ ከገባን በኋላ፣ «ከየት ጀምሮ ሰማሽ?» አለኝ።

«አዛዡ 'ሞተር አስነሳ' ካለህ ጀምሮ።»

«እንግዲያው ነቢዩን አታውቂውም» አለ። ከዚያ ስለ እርሱ ይነግረኝ ጀመር። ጥርሱ ፍንጭት ነበር፣ ኳስ አይችልም ነበር፣ የክፍሉን የባሕር ኃይል ኮፍያ አድርጎ ካልተኛሁ ብሎ ያለቅስ ነበር። ከሀይዌዩ የምንወጣበትን መውጫ አለፍነው፤ አላስታወስኩትም።

«ይህንንም ለእርሷ ነግረሃታል?» አልኩት። ምላሴ አያርፍም።

«ነግሬያታለሁ።» መዋሸት አይችልበትም።

«እሺ። ለእርሷ ያልነገርካትን ንገረኝ። አንድ ነገር፤ የእኔ ብቻ የሚሆን።»

እንደ ወትሮው «ምንም» ሊለኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ጫፉ ላይ ቆሞ አልቀረም» አለ። «መርከቧ ስትርቅ ተከትሎ ዘለለ አሉኝ። ዋና አይችልም ነበር።»

ይህን ዕፀ ሕይወት አታውቅም። የፈለግሁትን አገኘሁ። መኪናው ከመስመሩ እየወጣ ስለነበር ዳር እንዲያስይዘው ነገርኩት። ቦታ ተቀያየርን፤ በአንድ እግር ጫማ እስከ ቤት የነዳሁት እኔ ነኝ።