የኮንሱዌሎ ፊርማ

ከቡታጅራ በወጣሁበት ማታ ቤታችን ያልመጣ ጎረቤት አልነበረም። ሁሉም መልእክት አላቸው። አንዷ ዳላስ ላለ ልጇ፣ አንዱ ካናዳ ላለች እህቱ፣ ሌላው ደግሞ አድራሻውን ለማያውቀው፣ "አሜሪካ ነው ያለው" ብቻ ለሚለው የአጎቱ ልጅ። "ስታገኚው ይደውል በይው" ይሉኛል። እኔም "እሺ፣ እነግረዋለሁ" እላለሁ፤ ያኔ አሜሪካ ማለት ለኔም አንድ ትልቅ ገበያ ነበር፣ አንድ ጥግ ይዞ ለጠበቀ ሰው የፈለገው ሁሉ በአጠገቡ የሚያልፍበት። አባቴ ሻንጣዬን በገመድ ያስራል፣ ይፈታል፣ እንደገና ያስራል። እናቴን ከቀበርን ብዙ አልቆየንም ነበርና ያን ቤት ለእሱ ብቻ ትቼለት መውጣቴ ነው። ሚኒባሱ ሲመጣ ግንባሬን ሳመኝና "ሶላትሽን እንዳትተዪ፣ ብርድ እንዳይመታሽ" አለኝ። ይኸው ነው። ቦሌ ድረስ አለቀስኩ። አውሮፕላኑ ውስጥ ግን ቀበቶው እንዴት እንደሚታሰር ጨንቆኝ ማልቀሱን ረሳሁት።

ዲቪ ሲደርሰኝ ስፖንሰር የሆነችኝ የሰፈራችን ልጅ ሲያትል ስለነበረች ሲያትል ገባሁ። ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ አፓርታማ ለሦስት ተከራየን። ስለ ዝናቡ ምን ብዬ ልንገራችሁ? የኛ አገር ዝናብ ሲመጣ ይመጣል፣ ነጎድጓዱም በረዶውም፣ ከዚያ ያባራና ፀሐይ ይወጣል። የዚህኛው በቅጡ አይዘንብም፣ አያባራምም፤ እንዳኮረፈ ሰው ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ቁም ሣጥን በምታክል የመስታወት ቤት ተቀምጬ ሒሳብ ስቀበል ዓመታት አለፉ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲሄድና ሲመጣ አያለሁ፤ እኔ የትም አልሄድም።

የዜግነት ቃለ መሐላ በፈጸምኩበት ቀን፣ ከአዳራሹ ስወጣ በር ላይ አንዲት አጭር ሴት መራጭ ትመዘግባለች። ግሎሪያ ትባላለች፣ የኤልሳልቫዶር ሰው ናት። እኔን ከመዘገበችኝ በኋላ ስንት ቋንቋ እንደምናገር ጠየቀችኝ። አማርኛ፣ ስልጥኛ፣ ትንሽ ኦሮምኛ አልኳት። "ሥራ ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ። ከዚያ የመስታወት ቤት ለመውጣት የማልሠራው ሥራ አልነበረም፣ እሺ አልኩ።

ሥራው በር ማንኳኳት ነው። ግሎሪያ የምትሠራበት ድርጅት የበጎ አድራጎት ነው፤ ግሪን ካርድ ያለው ዜግነት እንዲያመለክት እንረዳለን፣ ዜጋ የሆነውን ለምርጫ እንመዘግባለን። መጀመሪያ "ዜጋ ነዎት?" ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው ተሳስቶ ከተመዘገበ ከአገር እስከ መባረር ያደርሰዋል። ግሎሪያ የስፓኒሽ ተናጋሪዎቹን በር፣ እኔ የኛን አገር ሰው በር ይዘን፣ ሲታክና ዴ ሞይን የሚባሉትን ከተሞች ደረጃ በደረጃ ወጣን ወረድን።

የኛ ሰው በር እንዴት እንደሚከፈት ልንገራችሁ። አንድ አዛውንት ሰንሰለቱን ሳይፈቱ በቀዳዳው አዩኝ።

"የማን ልጅ ነሽ?"

"ረውዳ እባላለሁ አባባ፣ የቡታጅራ ልጅ ነኝ። ለምርጫ ተመዝግበዋል ወይ ብዬ ነው።"

"ከቀበሌ ነሽ?"

"እዚህ ቀበሌ የለም አባባ።"

"እሱን እንኳ ተይው" አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ትንሽ ቆይተው መልሰው ከፈቱት። "ሻይ ልስጥሽ፣ ግቢ። ስለ ምርጫ ግን አታውሪ።"

የአፓርታማዎቹ ማናጀሮች ደግሞ ሌላ ናቸው። አንደኛው፣ ቁልፍ ወገቡ ላይ የሚያንሿሿ ረጅም ሰውዬ፣ ደረጃ ላይ አስቆመኝ።

"ምንድነው የምትሸጪው?"

"ምንም አልሸጥም። ስለ ዜግነት ነው የምናገረው።"

"ዜግነት ትሸጫለሽ?"

"አንሸጥም፣ በነፃ ነው።"

"በነፃ ከሆነ አጭበርባሪ ነሽ" አለኝ፤ እስከ መንገዱ ድረስም ሸኘኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ዝናቡ ላይ ጃንጥላውን ዘርግቶልኝ ነው ያባረረኝ።

እንዲህ እያልን ስንሠራ ግሎሪያ እህቷ ወዳለችበት ወደ ያኪማ ሄደች። ቢሮው ስፓኒሽ የሚችል ሰው እስኪያገኝ አንቺ ሸፍኚ አለኝ። ከግሎሪያ የለቀምኩት ስፓኒሽ ሰላምታና "ፖሊስ አይደለሁም" የሚል ነበር፣ ቢሆንም ለበር ማስከፈቻ በቂ ነው። ኮንሱዌሎን ያገኘኋት ያኔ ነው።

ኮንሱዌሎ ሲታክ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ሚቾአካን ከሚባል የሜክሲኮ ገጠር የመጣች፣ በአርባዎቹ መጨረሻ ያለች፣ ድምፅዋ ወፍራም ሴት ናት። ባሏ ጥሏት ሄዷል፣ ልጅ የላትም። በሩን ከፍታ ዝናብ እንደመታኝ ስታይ ምንም ሳትጠይቅ ወንበር ሳበችልኝና በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አቀረበችልኝ። ታማሌ ይሉታል። ቅጠሉን ስፈታ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚጋገረው የኛ ቂጣ ትዝ አለኝ። ሥጋው የአሳማ እንዳይሆን ብዬ ስጠይቃት ሳቀች። "ቺዝ ነው። ጎረቤቴ ሶማሌ ናት፣ አውቃለሁ" አለችኝ። እሷ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ እኔ ከዚያም በባሰ ስፓኒሽ፣ ተግባባን።

ግሪን ካርዷን ካገኘች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ዜግነት ግን አላመለከተችም። እናቷ ገጠር ብቻዋን ናት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እናቱን ማምጣት አይችልም፣ ዜጋ ግን ይችላል አልኳት። ይህን ስትሰማ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

"ፈተና አለው" አለችኝ በመጨረሻ።

"ጥያቄዎቹን አስጠናሻለሁ።"

"ጥያቄው አይደለም ሮዳ" አለች፤ ረውዳ ማለት አቅቷት ሮዳ ነው የምትለኝ። "መጻፍ አልችልም። በስፓኒሽም አልችልም። ትምህርት ቤት የገባሁት ለማጽዳት ብቻ ነው።"

ፈተናው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ማንበብ፣ አንድ ደግሞ መጻፍ ግድ ነው። ቢሮዬን ጠየቅኩ፤ የማንበብና የመጻፍ ትምህርት የኛ ሥራ አይደለም፣ ኮሌጅ ላኪያት አሉኝ። ኮሌጁ ትምህርት የሚሰጠው እሷ ሥራ ላይ በምትሆንበት ሰዓት ነው። ሶ፣ እኔው ማስተማር ጀመርኩ። ቤቷ ውስጥ መብራቱ ደካማ ስለሆነ አፓርታማው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል እንገናኛለን። የልብስ ማድረቂያው ክዳን ይሞቃል፤ ወረቀቱን እሱ ላይ ዘርግተን፣ የሰው ጂንስ ከሥር እየተንገላታ፣ ፊደል እንቆጥራለን። እጇ በማጽጃ ኬሚካል ተሰነጣጥቋል። እርሳሱን እንደ ቢላ በጡጫዋ ትይዘዋለች። የስሟን መነሻ ሲን የሳለች ለት ወረቀቱን አርቃ ይዛ አየችውና "ይቺ ናት የኔ?" አለች። ስሟ ረጅም ነው፤ መሐል ስትደርስ የትኛው ፊደል እንደሚቀጥል ይጠፋባትና በስፓኒሽ እናቷን ትወቅሳለች፣ ምነው አና ብትለኝ ኖሮ ብላ።

እኔም ደክሞኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ በር ሳንኳኳ ውዬ፣ ካልሲዬ ርሶ፣ ያን ምድር ቤት ስገባ አንዳንድ ቀን ባትመጣ ብዬ እመኛለሁ። ሁልጊዜ ቀድማኝ ትመጣለች።

ለመጀመሪያው ፈተና ቱክዊላ ወዳለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ይዣት ሄድኩና ውጭ ጠበቅኳት። ወጣች። መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ጥያቄዎቹን መልሳለች፣ አንብባለችም፤ ፈታኙ ጻፊ ሲላት ግን የመጀመሪያውን ቃል ጽፋ እጇ ቆመ።

"ሌላስ ምን ጠየቀሽ?" አልኳት።

"ሰካራም ነሽ ወይ አለኝ። ባሌ ነው አልኩት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"እሱን አልጠየቅኩሽም አለኝ።"

ሳቅን። ከዚያ እሷ አለቀሰች፣ እኔ መኪናውን አስነሳሁ።

ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል። ወራት ቆይቶ ጠሩን፤ ያን ቀን ስትወጣ ከሩቅ ዓይታኝ በአየር ላይ በጣቷ ስትጽፍ ማለፏ ገባኝ። የማለችበት ቀን እኔው ራሴ በር ላይ ቆሜ ለምርጫ መዘገብኳት። ፊርማ ቦታው ላይ ስሟን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ አቁማ ጻፈች። ከኋላዋ ሰልፉ ረዘመ። ማንም አልቸኮለባትም፣ ሁሉም የዚያን ቀን ዜጋ የሆነ ሰው ነው።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ ሲታክ ውስጥ የሆቴልና የኤርፖርት ሠራተኛ ደሞዝ ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚል ጉዳይ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። እዚህ ምርጫው በፖስታ ነው፤ ወረቀቱ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ሞልተው ፖስታው ላይ ፈርመው ይልካሉ። ኮንሱዌሎ ወረቀቷን ስትሞላ ለማን ድምፅ እንደሰጠች አልጠየቅኳትም፣ አይፈቀድልኝም። ራሷ ግን ነገረችኝ፤ ዳኞቹን ስለማላውቃቸው ሴቶቹን መረጥኩ አለችኝ።

ድምፅ እየተቆጠረ እያለ ኮል አደረገችልኝ፤ ድምፅዋ ተቀይሯል። ከምርጫ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጥቶባታል፤ ፊርማሽ እኛ ዘንድ ካለው ጋር አይመሳሰልም፣ ካላስተካከልሽ ድምፅሽ አይቆጠርም ይላል።

"ሌባ መስያቸዋለሁ" አለችኝ። "ይቅር ሮዳ። ዜግነቴን ቢወስዱትስ? እናቴስ?"

"አይወስዱም። ሄደን እናስተካክለዋለን።"

"የሆቴሉ ማናጀር ማን ምን እንደመረጠ ይጠይቃል። እኔ እዚያ መታየት አልፈልግም።"

የውጤቱ ልዩነት የፀጉር ያህል ነበር፣ አንድ ቀን ወዲህ አንድ ቀን ወዲያ ይላል። ይህን ግን አላነሳሁባትም፤ የደከመን ሰው በዚያ መግፋት ከበደኝ። የእናትሽን ጉዳይ አይነካውም፣ ማንም ቀጣሪ የሰጠሽውን ድምፅ ማየት አይችልም፣ ከፈለግሽ እወስድሻለሁ፣ ካልፈለግሽ ግን ውሳኔው ያንቺ ነው አልኳት። በማግስቱ የሥራ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ቤቴ በር ላይ መጣች።

የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ወዳለበት ወደ ሬንተን ሄድን። መስኮቱ ኋላ ያለው ወጣት ትሑት ነበር። ሁለቱን ፊርማዎች ስክሪን ላይ ጎን ለጎን አሳየን። አንደኛው የማለችበት ቀን የጻፈችው ነው፣ ፊደሎቹ እንደ አጥር እንጨት ተራርቀው የቆሙ። ሁለተኛው የፖስታው፣ ተያይዞ፣ ዘምበል ብሎ፣ መጨረሻው ላይ ጅራት ያለው።

"ሜዳም፣ ይሄኛው የሕፃን ይመስላል፣ ይሄኛው የትልቅ ሰው" አላት። "ሁለቱም ያንቺ ናቸው?"

ተረጎምኩላት። ስክሪኑን ቆማ አየችው። ሰመሩን ሙሉ፣ ለካ እኔ ሳልኖር፣ ሆቴሉ ውስጥ በተጣለ ወረቀት ሁሉ ላይ ስሟን ስትለማመድ ነው የከረመችው።

"ሁለቱም የኔ ናቸው" አለች በእንግሊዝኛ። "አድጌ ነው።"

ልጁ ሊስቅ ፈልጎ ተወው። አዲስ ቅጽ ሰጣት፣ ፈረመች፣ ወጣን። የደሞዙ ጉዳይ በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለፈ። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ምናምን ተባለ፣ ሆቴሉም ለሠራተኛ የሚሰጠውን ምሳ አስቀረ። ቅሬታ ሲኖር ግን ሠራተኞቹ ኮንሱዌሎ ዘንድ ይሰበሰባሉ፤ ደብዳቤ የምትጽፍላቸው እሷ ሆነች።

እናቷ በተከታዩ ዓመት ሰመር ላይ ገባች። ልጠይቃት ስሄድ ትንሽዬ አሮጊት መስኮት ሥር ተቀምጣ የፓርኪንጉን መኪና ታያለች። ኮንሱዌሎ እግሯን በውሃ ታጥባታለች። ቶሎ ወጣሁ። በዚያው ሳምንት የአባቴን ጉዳይ አመለከትኩ።

አሁን ቪዛው ተመቶለታል። ጊዜ አለው፣ ካለፈ ይቃጠላል። ባለፈው ጠዋት፣ እሱ ዘንድ ማታ ነው፣ ዴ ሞይን አንድ አፓርታማ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ፣ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ደወልኩለት።

"አባ፣ ትኬቱን ልቁረጥ?"

"በርበሬው ማሳ ላይ ነው ልጄ። ይለቀምና እንነጋገራለን።"

"ባለፈው በቆሎው ይግባ ብለኸኝ ነበር።"

"ገባ እኮ" አለኝ።

"አባ፣ ቪዛው ይቃጠላል።"

"ጎረቤት አለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ኮንሱዌሎ ነገርኩት፣ ስለ እናቷም፣ እናትየዋ እዚህ እንደምትኖር፣ አብሯት ሊቀመጥ እንደሚችል።

"የኛን ቋንቋ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ታዲያ እኔ እዚያ ከማን ጋር ላወራ ነው?"

"ከኔ ጋር አባ።"

"አንቺማ" አለኝ፣ ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለበትም፣ "ቀኑን ሙሉ የሰው በር ስታንኳኪ ነው የምትውዪው።"

ሶላት ደርሷል ብሎ ዘጋው። የመኪናው መስታወት በትንፋሼ ደብዝዞ ነበር። በእጄ ጠረግኩት፣ ባጄን አንገቴ ላይ አጠለቅኩ፣ የመጀመሪያውን ፎቅ ለመጀመር ከመኪናው ወረድኩ። ትኬቱን እስካሁን አልቆረጥኩም።