ወንፈል የገባሁበት ሐምሌ

ፎገራ ላይ ሩዝ በጊዜው ካልታረመ አረም ይውጠዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው፤ ስለዚህ ወንፈል እንገባለን። ዛሬ ያንተን ማሳ ተሰብስበን እናርማለን፣ ነገ የእኔን። እኔ ሰውመሆን ግን እስከ ዘንድሮ ወንፈል ገብቼ አላውቅም። ቀኝ እግሬ በልጅነቴ ታምሜ ሰልሏል፤ በምርኩዝ ነው የምሄድ። መንደርተኛውም "አንተ ተቀመጥ፣ እኛ ለጽድቃችን እናርምልሃለን" ይለኛል።

ጽድቅ ደግ ነው፣ አልነቅፍም። ነገር ግን ሰው ለጽድቅ የሚመጣው የራሱን ሲጨርስ ነው፤ እስከዚያ ሩዜ በአረም ታንቆ ይከርማል። አምና ወረታ መፈተጊያ ቤት ይዤ የሄድኩት እፍኝ የማትሞላ ነገር ነበረች፣ አፈርኩ። ዘንድሮም እንደዚያ ከሆነ መሬቴን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ እጄን አጣጥፌ መቀመጤ ነው።

ደግሞ የሚያበግነኝ ነገር አለ። ቤቴ የመጣ እንግዳ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ ሚስቴን ደብሬን "ጠላ ይጠጣል?" ብሎ ይጠይቃታል። የሰለለው እግሬ ነው እንጂ ምላሴ ነው እንዴ?

ሐምሌ ሲገባ የወንፈል ተራ ሊወጣ ሰው ተሰበሰበ። ከደብሬ ጋር ሄድኩና "እኔንም አስገቡኝ" አልኩ። ተራ የሚያወጡት አያ ኪዳነ ማርያም አዘኑልኝ፤ ሆደ ቡቡ ናቸው። "ደብሬ፣ እስቲ ምከሪው። በዚህ ጭቃ ምን ሊሆን ነው?" አሉ። ደሜ ፈላ።

ጎረቤታችን እትየ አማከለች ናቸው የደረሱልኝ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳቸውን ራሳቸው የሚያስተዳድሩ፣ ምላሳቸው ምላጭ የሆነ ሴት ናቸው። ደብሬን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ሰውመሆን፣ ጭቃው ውስጥ እንዴት አድርገህ ነው የምትሠራ?"

ማርያምን፣ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "በመቀመጫዬ እየተጎተትኩ እነቅላለሁ እትየ። ቦዩን ስሻገር ብቻ እጅ የሚሰጠኝ ሰው እሻለሁ" አልኳቸው።

"እንግዲያማ መጀመሪያ የሚታረመው የእኔ ነው፣ በጠዋት ና። ከቀረህ እንጣላለን" አሉኝ።

ሄድኩ። ቦዩን እጄን ይዘው አሻገሩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ጭቃው ላይ ስጎተት ወገቤ ተቆረጠ። ወደ ኋላ ስቀር አያ ኪዳነ ማርያም የእኔን ድርሻ ሊነቅሉልኝ መጡ፤ እትየ አማከለች ቀና ብለው "መጀመሪያ ይጠይቁታ" አሏቸው። አያ ትንሽ አፈሩና "ላግዝህ እንዴ?" አሉኝ። "ይተዉት አያ፣ እደርሳለሁ" አልኩ። ዘግይቼም ቢሆን ደረስኩ።

የእኔ ተራ አረሙ ገና ለጋ ሳለ ደረሰ። ሰው ሁሉ ጎሕ ሲቀድ መጣ፣ አያ ኪዳነ ማርያምም ጭምር። እኩለ ቀን ላይ ደብሬ ምሳ አቀረበች። ለጽድቅ ሲመጡ በኖሩበት ዘመን ያቀረብንላቸውን ሁሉ መርቀው ይበሉ ነበር፤ ወጡ ቢያርም ቢጎረናም ትንፍሽ የሚል የለም። ያን ቀን አያ አንድ ጎርሰው ፊታቸውን አጨማደዱ።

"አንተ ሰውመሆን፣ የሰው ጉልበት እያዋልክ ጨው የሌለው ሽሮ ታበላለህ? እኔ ቤት ስትመጣ እንዲህ ባበላህ ዝም ትለኝ ነበር?"

ሰው ሳቀ። ደብሬ አፍራ ጨው ልታመጣ ሮጠች። እኔ እንባዬን እንዳያዩብኝ ፊቴን ወደ ሩዙ አዞርኩ። አያን እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው፤ እንደ ሰው ተቆጡኝ።